የፈረደ ይቅመስ

ክረምቱ ባበቃ በሁለተኛው ሐሙስ በከተማችን የፍርድ አዳራሽ የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ የፍርድ አባት፣ የከሳሽ አፍ፣ ጅራፍ ያዡ፣ ጥርሱ የወለቀው የገበያ ሹም፣ ጥርሱን አወለቅህ ተብሎ የተከሰሰው ጫኔ የተባለ የረግረግ ደንገል አጫጅ፣ ሚስቱ የውብዳር፣ በዕጣ የወጡ ሰባት ፈራጆች፣ እንዲሁም በዕለቱ ሌላ ሥራ ያልነበረው የከተማው ሕዝብ። ከሰባቱ ፈራጆች ሰባተኛው እኔ ነበርኩ። ስሜ አዛናው ነው፤ የምተዳደረው ጥጥ በመንደፍ ነው።

ፈራጅ የሆንኩት በመልካም ጠባዬ አይደለም። በአገራችን የእያንዳንዱ ሰው ስም በእንጨት ስንጣሪ ላይ ተጽፎ ቅል ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ዓይኑ የታሰረ ሰው እጁን ሰዶ ያወጣል። አድልዎ እንዳይኖር ተብሎ ነው። የታች ሰፈር ሰዎች ስንጣሪ ግን ቅሉ ውስጥ አይገባም። ከረግረጉ ዳር ስለሚኖሩ እንጨታቸው እርጥበት አለው፣ የሌላውንም ያበሰብሳል ይባላል። ይህን ልጅ ሆኜ ስሰማ አመንኩ፤ ካደግኩ በኋላም ደግሜ አላሰብኩበትም።

ዕጣው ሲደርሰኝ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ በሰው ፊት መናገር አልችልም። ሱቅ ሄጄ እንኳ የምፈልገውን በጣቴ ነው የማሳየው፤ ባለሱቁ ተሳስቶ ሌላ ዕቃ ቢያነሣ ያንኑ ከፍዬ እወጣለሁ። በዚህ ምክንያት ብቻዬን በምኖርበት ቤት ሦስት ወንፊት አለ።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር መጀመሪያ ስለ ሕጋችን ልናገር። የከተማችን መሥራቾች ፍርድን እንደ ቀልድ የሚያዩ ሰዎች አስቸግረዋቸው ኖሮ አንድ ሕግ ደነገጉ፤ በአዳራሹ በር ላይ ተቀርጾ ይገኛል። “የፈረደ ይቅመስ” ይላል። በሰው ላይ ጅራፍ የሚፈርድ ፈራጅ “ጥፋተኛ ነው” ከማለቱ በፊት ከዚያው ጅራፍ አንዱን በራሱ ጀርባ ይቀምሳል። “ነፃ ነው” የሚል አይቀምስም፤ ከሕዝቡ ፊት ቆሞ ምክንያቱን ማስረዳት ብቻ ይጠበቅበታል። ሰባቱ አንድ ቃል እስኪሆኑ ድረስ ድምፅ እንደገና ይሰጣል፤ በየዙሩ የሚፈርድ በየዙሩ ይቀምሳል። እስኪስማሙም ከአዳራሹ አይወጡም፣ ምግብም አይገባላቸውም።

ሕጉ መልካም ነበር። ነገር ግን በአያቶቻችን ዘመን አንድ ፈራጅ ጀርባውን አመመውና ሌላ ሰው እንዲቀምስለት ለመነ፤ ተፈቀደለት። በዓመቱ ጀርባቸውን የሚያማቸው ፈራጆች በዙ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀማሽነት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ፈራጁ ይከፍላል፣ ቀማሹ ይቀምሳል፣ ከዚያ ፈራጁ ተነሥቶ “ቀምሻለሁ፤ ጥፋተኛ ነው” ይላል።

ቀማሾቹ ሁሉ የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው። የታች ሰፈር ሰው ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ጅራፍ አያመውም፤ ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ማስረጃውንም በየሐሙሱ በዓይናችን እናያለን፤ ቀማሽ ሲገረፍ ድምፅ አያሰማም። ድምፅ ያሰማ ቀማሽ ዳግመኛ ስለማይቀጠር ድምፅ የሚያሰማ ቀማሽ ታይቶ አይታወቅም። ከዚህ የተነሣ የታች ሰፈር ሰው ሲፈረድበት ቅጣቱ በእጥፍ ይቆጠራል። ለላይ ሰፈር ሰው ሠላሳ ከሆነ ለእርሱ ስድሳ ነው። ይህ በጥላቻ የተደረገ አይደለም፤ ሁሉንም እኩል እንዲያመው ተብሎ ነው። ሠላሳው እርግጥ እስካሁን ለማንም የላይ ሰፈር ሰው ደርሶ አያውቅም።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ የገበያ ሹሙ የደንገል ምንጣፍ የሚሸጡትን ከተቀመጡበት ተነሡ ይላቸዋል። አንነሣም ይላሉ። ግርግር ይሆናል፣ አቧራ ይነሣል። አቧራው ሲበርድ ሹሙ መሬት ላይ ተቀምጦ የፊት ጥርሱን በእጁ ይዞ ነበር። ጫኔ የተያዘው ከሁሉም ቀርቦ ስለተገኘ ነው። ቀርቦ የተገኘውም ሹሙን ሊያነሣው ጎንበስ ብሎ ስለነበር ነው ይላል እርሱ። ቢፈረድበት ስድሳ ጅራፍ ይገረፋል፤ ከስድሳ በኋላ በእግሩ ሄዶ ቤቱ የገባ የታች ሰፈር ሰው ጥቂት ነው። ከሚስቱና ከሁለት ሕፃናት ልጆቹ ሌላ ማንም የለውም።

የመጀመሪያው ምስክር ሸክላ ነጋዴ ነበር። የከሳሽ አፍ ጠየቀው።

“ሹሙን የመታው ማን ነው?”

“የታች ሰፈር ሰው ነው።”

“ከእነርሱ የትኛው?”

“ያ፣ የቆመው።”

“በምን ለየኸው?”

“ሌላ የቆመ የለማ።”

የፍርድ አባት ምስክሩ አስተዋይ ሰው መሆኑን ተናግረው አሰናበቱት።

ሁለተኛው ምስክር ሥጋ ሻጭ ነበር። “ሲመታው አላየሁም” አለ፤ “እንደሚመታው ግን ጠብቄ ነበር።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከልጅነቴ።”

ይህም ጠንካራ ማስረጃ ሆኖ ተያዘ።

ለጫኔ የቀረበችው ምስክር ማንጠግቦሽ የምትባል ምንጣፍ ሻጭ ነበረች። የታች ሰፈር ምስክር መልኩ ፈራጆቹን ወዲህ ወይም ወዲያ እንዳያዘነብላቸው፣ ከመስኮት ውጭ ቆሞ ነው የሚመሰክረው። እርሷም ከደጅ ሆና “ሹሙ ራሱ ነው የወደቀው፤ ሁለት እንስራ ደራርቦ…” ብላ ስትጀምር ነፋስ ተነሣ፤ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘጋ። በመስታወቱ አፏ ሲንቀሳቀስ እናያለን። በእጇም መውጣትን፣ ከዚያም መውደቅን የሚመስል ነገር አሳየች። የከሳሽ አፍ ምስክሯ ፍርድ ቤቱን በምልክት እየሰደበች መሆኗን አስመዘገበ።

ምስክር በዚህ አበቃ። የፈራጆቹ አለቃ አቶ እንግዳወርቅ የሚባሉ የቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ድምፅ አላቸው። ወደ እኛ ዘወር ብለው “እንግዲህ ነገሩ የበራ ነው፤ ምሳም ደርሷል” አሉ። ከጎናቸው ያሉት እትዬ ደብሪቱ፣ ቤት የሚያከራዩ አሮጊት ናቸው፣ “ቀማሹን ጥሩትና ቶሎ እንነሣ” አሉ።

ጅራፍ ያዡ ጉሮሮውን ጠረገ። “ቀማሹ እዚሁ ነው” አለ።

“የታለ?”

“ተከሳሹ ነው።”

ነገሩ እውነት ነበር። ጫኔ በከተማው የተመሰከረለት ቀማሽ ነው። አቶ እንግዳወርቅ ራሳቸው ከእርሱ ሌላ ቀማሽ ይዘው አያውቁም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ተከሳሹን አዩት።

“አንተ ነህ እንዴ? ፊትህን አላወቅሁትም።”

“እርስዎ የሚያውቁኝ በጀርባዬ ነው፣ ጌታው” አለ ጫኔ።

ወደ ታች ሰፈር መልእክተኛ ተላከ። ሌሎቹ ቀማሾች ጀርባችንን አሞናል ብለው መለሱት። የከሳሽ አፍ “ወፍራም ቆዳ አይታመምም፤ ይህ ንቀት ነው” ብሎ ተቆጣ፤ ያም ሆኖ የመጣ ሰው አልነበረም። የፍርድ አባት ጥቂት አሰቡ። ተከሳሽ የራሱን ቅጣት ለፈራጆቹ እንዳይቀምስ የሚከለክል ሕግ አላስታውስም አሉ። ከዚያም “ትቀምሳለህ ወይ?” ብለው ጠየቁት።

“ክፍያዬ አስቀድሞ ለሚስቴ ከተሰጠ፣ ሥራ ሥራ ነው” አለ። ከእኔ በቀር ስድስቱ ፈራጆች ለሚስቱ ከፈሉ።

የውብዳር ከሕዝቡ መካከል ተነሣች። “ጫኔ፣ ደህና ነህ? ሊፈርዱብህ እኮ ነው የምትቀምስላቸው።”

“ከፈረዱብኝ ስድሳው ላይ ስድስት ቢጨመር ምን ለውጥ አለው? ካልፈረዱብኝ ደግሞ የልጆቹ ቀለብ ነው።”

“ስድስቱ ከስድሳው ይቀነስለት እንግዲያው” አለች የውብዳር ወደ ፍርድ አባት ዞራ።

“አይቀነስም” አሉ የፍርድ አባት በርኅራኄ። “ስድስቱን የሚገረፈው ቀማሹ ነው፤ ስድሳውን ተከሳሹ። አንዱ ለሌላው ቢገረፍ ፍትሕ ይጓደላል።”

ጫኔ ልብሱን አውልቆ አጣጥፎ ለሚስቱ ሰጣት፤ ከምሰሶው ዘንድም ሄዶ ቆመ። ስድስት ጊዜ ተመታ። በእያንዳንዱ ምት አንድ ፈራጅ ከወንበሩ ብድግ ብሎ “ቀምሻለሁ፤ ጥፋተኛ ነው” አለ። አንደኛው ሲነሣ አዛጋ። እትዬ ደብሪቱ “እንዲህ ያለ ጀርባ ለአጥር ይሆን ነበር” አሉ። ጫኔ ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን አሹሎ ነበር፤ ሊያፏጭ የፈለገ ይመስላል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል፤ እኛ ግን ቁስል መሆኑን አናውቅም ነበር።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እውነቱን ልናገር። ልቤ ጥፋተኛ ነው ወይም ነፃ ነው አላለኝም። ነፃ ነው ካልኩ ቆሜ ማስረዳት አለብኝ፤ አዳራሹ እስከ ደጅ ድረስ በሰው ተሞልቷል። ጥፋተኛ ነው ካልኩ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ከመናገር መገረፍ ቀለለኝ። ጅራፉም እንደማያም ስድስት ጊዜ አይቻለሁ። ችግሩ ለቀማሽ የምከፍለው አልነበረኝም።

ጫኔ ማፈሬን አይቶ “በዱቤ ልቅመስልህ፣ ወንድሜ” አለኝ።

“ፍርድ በዱቤ አይሆንም” አሉ የፍርድ አባት።

ስለዚህ ሸሚዜን አወለቅሁ። በሕይወት ካሉት የላይ ሰፈር ሰዎች መካከል በገዛ ጀርባው የቀመሰ አልነበረም፤ ሕዝቡም አንገቱን አሰገገ። አቶ እንግዳወርቅ “አይዞህ፣ እንደ ዝንብ ነው” አሉኝ። ጅራፍ ያዡ ክንዱን አነሣ።

ከዚያ በኋላ የተሰማውን ጩኸት መጀመሪያ ሌላ ሰው የጮኸው መስሎኝ ዞር አልኩ። ደጅ የታሰረ አህያ ገመዱን በጥሶ ሄደ። ማንጠግቦሽ መስኮቱን ከውጭ በርግዳ “ማንን ገደላችሁ?” አለች። የከሳሽ አፍ ወንበሩ ላይ ቆሟል፤ ለምን እንደቆመ ቆይቶ ሲጠየቅ አላወቀውም።

የፍርድ አባት እጃቸውን አንሥተው ጸጥታ አስከበሩ። “ቃልህን ስጥ” አሉኝ።

ቃሉን አውቀው ነበር፤ ሌሊቱን ስለማመደው ነው ያደርኩት። ከአፌ የወጣው ግን “ያማል” የሚል ነው።

“ምኑ?”

“ጅራፉ።”

አዳራሹ ተንሾካሾከ። የከሳሽ አፍ ከወንበሩ ወርዶ “ይህ ሊሆን አይችልም፤ እንደማያም አሁን ስድስት ጊዜ ተረጋግጧል” አለ። ጥፋቱ ከማን እንደሆነ መመርመር ተጀመረ። መጀመሪያ ጅራፍ ያዡ ተጠየቀ። “ክንዱም ያው፣ ጅራፉም ያው” አለ። ቀጥሎ የእኔ ቆዳ ተመረመረ። አቶ እንግዳወርቅ ቀርበው በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡኝ፤ ዕድሜውን ሁሉ ከጥጥ ጋር የሚውል ሰው ቆዳው ይሳሳል፣ ጉዳዩ ይኸው ነው አሉ። ይህ ሐሳብ ብዙ ሰው አስደሰተ። ግን እትዬ ደብሪቱ “የጥጥ ነዳፊ ጀርባ ጥጡን ይነካል እንዴ? የሚነድፈው በእጁ ነው” አሉ።

በመጨረሻ የፍርድ አባት ከሁሉ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ ብለው ወደ ጫኔ ዞሩ። “አንተ ብዙ ዓመት ቀምሰሃል። ጅራፍ ያማል ወይስ አያምም?”

ጫኔ ልብሱን ገና አልደረበም ነበር። የውብዳር እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያማል ቢል ይህን ሁሉ ዓመት አያመኝም ብሎ ሥራ የያዘ አታላይ ይሆናል፤ አያምም ቢል ስድሳው የራሱ ነው።

“ጌታዬ፣ የሚጠይቁት ማንን ነው?” አለ። “ቀማሹን ነው ወይስ ተከሳሹን?”

“ሁለታችሁንም።”

“ቀማሹን አያመውም። ተከሳሹን ያመዋል።”

“ጀርባው አንድ አይደለም እንዴ?” አለ የከሳሽ አፍ።

“ጀርባው አንድ ነው። ቀማሹ ግን ይከፈለዋል።”

ከሕዝቡ የሳቀ ሰው ነበረ፤ ማን እንደሆነ ሲፈለግ አልተገኘም። የፍርድ አባት ግን ሳይስቁ ወደ እኔ ተመለሱ። “ልጄ፣ መቅመሱን ቀምሰሃል። ጥፋተኛ ነው በልና እንነሣ።”

“የሚፈረድበት ስድሳ ነው?” አልኩ።

“ስድሳ።”

“እኔ የቀመስኩት አንድ ነው?”

“አንድ።”

“እንግዲያው ነፃ ነው።”

“ምክንያትህን ለሕዝቡ አስረዳ።”

ይኸውና የፈራሁት መጣ። ተነሣሁ። ያን ሁሉ ፊት እንዳላይ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ምን እንደምል እያሰብኩ እንዲሁ ቆምኩ። ሸሚዜን እንዳልለበስኩ ረስቼዋለሁ። ከኋላዬ ሹክሹክታው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ሳል እንኳ አልተሰማም። እኔ ገና የመጀመሪያውን ቃል እየፈለግሁ ሳለሁ የፍርድ አባት “ምክንያቱ በቂ ነው፤ ተቀመጥ” አሉኝ።

ቃላችን አንድ ስላልሆነ ሁለተኛ ዙር ታወጀ። አቶ እንግዳወርቅ እጃቸውን ሳያነሡ በአገጫቸው ጫኔን ጠሩት። ጫኔ ልብሱን ለብሶ ቁልፉን እየቆለፈ ነበር።

“ዛሬ ዘግቻለሁ፣ ጌታው።”

“በእጥፍ እከፍልሃለሁ።”

“እጥፉ ቆዳዬ ላይ ነው ያለው ትሉ የለ? ይበቃኛል።”

እንግዲህ ጥፋተኛ ነው የሚል ራሱ መቅመስ ነበረበት። እትዬ ደብሪቱ በድንገት ሻርፓቸውን አውልቀው ተነሡ። የወንድ ጩኸት ማስረጃ አይሆነኝም፣ ወንድ ጣቱን እሾህ ቢወጋው ለኑዛዜ ሰው ይጠራል፣ አሉ። ጅራፍ ያዡ በአሮጊት ላይ እጁን ለማንሣት ፈራ፤ አዘዙት፤ መታ። ምንም ድምፅ አላሰሙም። ተመልሰው ተቀመጡ። ሻርፓቸውን አጣጠፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጣጠፉ። ከዚያ ጫኔን አዩት።

“አንተ ይህን ነው ስታደርግልኝ የኖርከው?”

“አዎን፣ እትዬ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርዎ ይቀጥሩኝ ነበር?”

እትዬ ደብሪቱ “ነፃ ነው” አሉ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁም ጠያቂውን ወደ ጅራፍ ያዡ አመለከቱት።

የቀሩት አራት ፈራጆች ሳይቀምሱ ብዙ ነገር ትዝ አላቸው። አንዱ የሹሙ ጥርስ ድሮም ይነቃነቅ እንደነበር አስታወሰ። አንዱ ማንጠግቦሽ በመስታወት ያሳየችው ምልክት ሲያስበው ግልጽ መሆኑን ተናገረ። ሦስተኛው በዚያ ቅዳሜ ራሱ ገበያ እንደነበረ፣ ግርግሩ ሲነሣ ጫኔ ከእርሱ አጠገብ ምንጣፍ ይጠቀልል እንደነበር አስረዳ።

“ይህን ለምን ጠዋት አልተናገርክም?” አሉ የፍርድ አባት።

“ጠዋት ጫኔ መሆኑን አላወቅሁም። የታች ሰፈር ሰው ተብሎ ነው የተነገረኝ።”

አራተኛው ከሦስቱ ጋር መስማማቱን ገለጸ።

የቀሩት አቶ እንግዳወርቅ ብቻ ናቸው። እኔ እንደ ሌሎቹ የሚዞሩ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ በቅቤ ንግድም የታወቁት በዚህ ነው። “ሰውን የምፈራ አይደለሁም፣ ጅራፍንም አልፈራ” ብለው ካባቸውን ጣሉ። ጅራፉ ሲያርፍባቸው ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። “ቀምሻለሁ፤ ጥፋተኛ ነው” አሉ። ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ይመስል ነበር።

ሦስተኛ ዙር ታወጀ። እኛ ስድስታችን ነፃ አልን። አቶ እንግዳወርቅ እንደገና ወደ ምሰሶው ሄዱ። ጫኔ ከተከሳሽ መቆሚያው ሆኖ ሲያያቸው አላስቻለውም።

“ጌታው፣ ትንፋሽዎን አይያዙ። የያዙት እንደሆነ ይብሳል።”

“ዝም በል።”

“ዓይንዎን አንድ ቦታ ይትከሉ። ስለ ሌላ ነገርም ያስቡ።”

አቶ እንግዳወርቅ አንገታቸውን መለስ አደረጉ። “ስለ ምን?”

“እኔ ስለ ልጆቼ እራት ነው የማስበው። እርስዎ ስለ ቅቤዎ ያስቡ።”

ተመቱ። “ቀምሻለሁ፤ ጥፋተኛ ነው” አሉ፤ አሁን ዕንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገብቷል። ተቀምጠው ከጎናቸው ላለው ፈራጅ “ቅቤው ምንም አልጠቀመኝም” ሲሉ ሰማኋቸው።

በአራተኛው ዙር ከመነሣታቸው በፊት ለፍርድ አባት አንድ ጥያቄ አቀረቡ። “ስድሳ በዛ። አሥር ቢሆንስ?”

“ቅጣቱ አይቀነስም።”

“አምስት?”

“አይቀነስም።”

አቶ እንግዳወርቅ ካባቸውን ይዘው ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ቆዩ። ከዚያ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የገበያ ሹሙን ቀና ብለው አዩት።

“አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ ይህ ሰው መትቶሃል?”

ሹሙ በእጁ የያዘውን ጥርስ አገላበጠ። “መውደቄን አውቃለሁ” አለ።

“ሲመታህ አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።”

“አቧራ ነበር። ስነሣ ከላዬ ያየሁት እርሱን ነው።”

“እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ምን እያልኩ ነው?” አለች ማንጠግቦሽ ከመስኮቱ። “ከበላያችን ሆኖ ሊቆጣን ሁለት እንስራ ደራርቦ ወጣበት። እንስራው ተሰበረ። የሰበረውም የእኔን እንስራ ነው።”

“እንስራ ላይ ቆመህ ነበር?” አሉ አቶ እንግዳወርቅ።

“ቁመቴ አጭር ነው” አለ ሹሙ።

አቶ እንግዳወርቅ ካባቸውን በጥንቃቄ ደረቡት። “ነፃ ነው” አሉ።

በዚህ ዓይነት ጫኔ ነፃ ወጣ። ከተማችን ከተመሠረተች ወዲህ የታች ሰፈር ሰው ነፃ ሲወጣ የመጀመሪያው ስለሆነ በየትኛው በር እንደሚሸኝ ማንም አላወቀም፤ ለታች ሰፈር ሰው የተሠራው ለተፈረደበት የሚሆን በር ብቻ ነው። ጥቂት ከተጨቃጨቁ በኋላ በመስኮቱ በኩል ወጣ። ማንጠግቦሽ እጁን ይዛ አወረደችው። የውብዳር ግን በሕዝቡ መካከል አልፋ ወደ እኔ መጣች። ሸሚዜን ከመሬት አንሥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና ሄደች።

አቶ እንግዳወርቅ ለሦስት ቀን በደረታቸው ተኝተው ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን የከተማው ጉባኤ እንዲጠራ አደረጉ። ከጉባኤው ፊት ቆመው ካባቸውን አወረዱና ጀርባቸውን አሳዩ። “እነሆ እዩ” አሉ። “ምንም ያላጠፋ ሰው በገዛ አዳራሻችን ይገረፋል። ይህ ግፍ ስንት ዘመን ሲፈጸም እንደኖረ ሳስብ ዘገነነኝ።” ብዙ ሰው አለቀሰ። እትዬ ደብሪቱ ስለ ቀማሾቹስ ምን ታስባላችሁ ብለው ጠየቁ። ቀማሾቹም ከዚህ ሥቃይ እንደሚገላገሉ ተነገራቸው። ጅራፉ የታች ሰፈርን ሰው የሚያም ከሆነ እጥፉ ይነሣ ወይ ብለውም ጠየቁ። የፍርድ አባት ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በሚመጣው ዓመት ይታያል አሉ።

ከዚያ እኔ ለምስክርነት ተጠራሁ። ቆሜ እንድናገር አልተገደድኩም፤ ስለ መቅመሱ በአንድ ቃል ንገረን ተባልኩ። “ያማል” አልኩ። የከሳሽ አፍ አመሰገነኝ። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ፈራጅ አይቀምስም። በበሩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ በኖራ ተለሰነ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ የታች ሰፈር ዓሣ አጥማጅ ዶሮ ሰርቀሃል ተብሎ ቀረበ። ሰባት አዲስ ፈራጆች ተቀምጠው ሰሙ፤ ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ ሰባቱም ጥፋተኛ ነው አሉ፤ ስድሳ ተፈረደበት። ጫኔ ምናልባት ሥራ ይኖራል ብሎ ማልዶ መጥቶ ከደጁ ቆሞ ነበር። የለም ተብሎ ተመለሰ።